አባባ የማይነግሩን፦ ኢስላሞፎቢያ በአሜሪካና አዛውንት ወላጆቻችን

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ወይም ሚኒያፖሊስ የሚኖሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሙስሊም አባት "ዛሬ እንዴት ዋሉ?" ብላችሁ ብትጠይቋቸው መልሳቸው "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና" ነው። አውቶቡስ ውስጥ አጠገባቸው የነበረው ሰው አይቷቸው ተነስቶ ሌላ ቦታ እንደተቀመጠ፣ ፋርማሲ ውስጥ ተራቸው ታልፎ ከኋላቸው ያለው እንደተስተናገደ፣ የሱቁ ጥበቃ እስኪወጡ ድረስ ዓይኑን እንዳልነቀለባቸው አይነግሯችሁም። ቢነግሯችሁም ከወራት በኋላ፣ በሌላ ጨዋታ መሐል ጣል አድርገውት ያልፋሉ። እናቶችማ ጭራሽ አያነሱትም። ሻሻቸውን አይቶ "ወደ አገርሽ ሂጂ" ያላቸውን ሰው መልክ አይረሱም፤ ነገር ግን ለልጅ አይነገርም። ልጅ ይናደዳል፣ ነገር ያነሳል ብለው ይፈራሉ።

ይህ ማብራሪያ ስለዚያ ስለማይነገረው ነገር ነው። ትኩረቱ አሜሪካ ላይ የሆነው ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙስሊም አዛውንቶች እዚያ ስለሚኖሩና የሕጉንም መንገድ በዝርዝር ማሳየት ስለሚቻል ነው። ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢስላሞፎቢያ ማለት ሰውን በሥራው ሳይመዝኑ ሙስሊም በመሆኑ፣ ወይም ሙስሊም ስለመሰለ ብቻ መፍራት፣ መጥላት፣ ማግለል ነው። "ስለመሰለ" የሚለው መጨመር አለበት። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ከደረሰው ጥቃት አራት ቀን በኋላ በአሪዞና ሜሳ ከተማ፣ በራሱ ነዳጅ ማደያ ደጃፍ ተተኩሶበት የሞተው ባልቢር ሲንግ ሶዲ የሲክ እምነት ተከታይ ነበር። ገዳዩ ጥምጣሙንና ጺሙን አይቶ ደመደመ። ኢስላሞፎቢያ በእንግሊዝ የብዙ ሰው መነጋገሪያ የሆነው ራኒሚድ ትረስት የተባለ ተቋም በ1997 ሪፖርት ካወጣ ወዲህ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ በ2022 ማርች 15ን ኢስላሞፎቢያን የመዋጊያ ዓለም አቀፍ ቀን አድርጎ ሰይሟል፤ በ2019 በዚያ ዕለት በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች በሁለት መስጂዶች ውስጥ 51 ሰዎች ተገድለዋል።

በአሜሪካ ኤፍቢአይ በ2000 የመዘገበው ሙስሊሞች ላይ ያነጣጠረ የጥላቻ ድርጊት 28 ነበር። በ2001 ቁጥሩ 481 ደረሰ። ይህ መዝገብ ግን ብዙ ነገር ያመልጠዋል። የየከተማው ፖሊስ መረጃውን ለኤፍቢአይ የሚልከው በፈቃዱ ነው፤ የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ የለም። ፖሊስ ጆሮ ጭራሽ የማይደርሰውም ብዙ ነው፤ የፍትሕ ሚኒስቴሩ የስታቲስቲክስ ቢሮ ተጎጂዎችን ራሳቸውን ጠይቆ እንዳገኘው፣ ከ2011 እስከ 2015 ከደረሱት የጥላቻ ወንጀሎች ሁሉ 54 በመቶው ለፖሊስ አልተነገሩም። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2017 የአሜሪካ ሙስሊሞችን ጠይቆ 48 በመቶዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ መድልዎ እንደደረሰባቸው ነግረውታል። በዚያው ጥናት 49 በመቶዎቹ ደግሞ ሙስሊም በመሆናቸው አይዟችሁ ያላቸው ሰው እንደነበረ ተናግረዋል። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ለአገሩም ለሰዎቹም ፍርደ ገምድልነት ነው።

ወጣት ሲሰደብ አፍ አለው፣ ስልክ አውጥቶ ይቀርጻል፣ ሥራውንም ሰፈሩንም መቀየር ይችላል። አዛውንቱ ዓለማቸው ጠባብ ነው። አፓርትመንታቸው፣ አንድ መናፈሻ፣ አንድ ክሊኒክ፣ አንድ መስጂድ። ከእነዚህ በአንዱ ፊት ከተነሱ የቀናቸው ሩብ ይሄዳል። መስጂድ የሚሄዱበት ሰዓት ደግሞ ሱብሒና ኢሻ፣ ጨለማው ነው። በ2013 በእንግሊዝ በርሚንግሃም የ82 ዓመት አዛውንት ማታ ከመስጂድ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በስለት ተወግተው ተገድለዋል። እንዲህ ያለ ዜና ከአንዱ አገር ወደሌላው ይዞራል። አባባም "ጉልበቴ አሞኛል" ብለው ሱብሒን ቤት መስገድ ይጀምራሉ፤ ቤተሰቡም ስለ ጉልበታቸው ሐኪም ይጠይቃል።

ስምና የልደት ቀን ሌላው ችግር ነው። ብዙዎቹ አዛውንቶቻችን የተወለዱበት ቀን በወረቀት የተጻፈ አልነበረም። ስደተኛ ሆነው ሲመዘገቡ ቀኑ ለብዙዎች ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተሞላ። በዚያ ላይ ስማቸው መሐመድ፣ አሕመድ፣ አሊ፣ ሁሴን ነው፤ በላቲን ፊደል ደግሞ አንዱ መሐመድ በፓስፖርቱ፣ በግሪን ካርዱና በመንጃ ፈቃዱ ላይ ሦስት ዓይነት ሆኖ ይጻፋል። የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚገባም አባትና ልጅ በወረቀት ላይ የማይተዋወቁ ይመስላሉ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት መሥሪያ ቤት ተሳፋሪውን ከመንግሥት የጥርጣሬ ዝርዝር ጋር የሚያስተያየው አየር መንገዶች በሚልኩለት ሙሉ ስም፣ የልደት ቀንና ጾታ ነው። እንግዲህ ስሙ የብዙዎች፣ ልደቱም የብዙዎች የሆነ ሰው ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም። ለልጅ ሠርግ ወይም ለሐጅ የተነሱ አባት በየጉዞው ወደ ጎን ይጠራሉ፣ ቦርሳቸው ይፈተሻል፣ አውሮፕላኑ ያመልጣቸዋል። ፈታሹ በግሉ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ያዘዘው ማሽኑ ነው። ለተፈታሹ ግን ውርደቱ ያው ነው።

ለዚህ መፍትሔ አለ፤ ብዙ ቤተሰብ ግን አያውቀውም። የአገር ውስጥ ደህንነት ሚኒስቴር ትሪፕ የሚባል የአቤቱታ መንገድ አለው። ሰውየው ማንነቱን የሚያረጋግጡ ሰነዶች ያስገባል፤ ሲጣራ የሚሰጠውን ቁጥር ከዚያ ወዲህ ቲኬት ሲቆረጥ ያስመዘግባል። ፍተሻ ላይ ሻሽ ወይም ጥምጣም አውልቁ የተባሉ ሰዎች ደግሞ ተጨማሪ ፍተሻ ካስፈለገ በተከለለ ክፍል፣ በጾታቸው ፈታሽ እንዲሆንላቸው መጠየቅ መብታቸው ነው። እናቶቻችን ይህን ቢያውቁ በሰው ፊት ፀጉራቸው የተገለጠበትን ቀን እያሰቡ ባልኖሩ።

ከዚህ በላይ ያለው የመንግሥት ፖሊሲ ነው። በ2002 የተጀመረ አንድ የምዝገባ ፕሮግራም ከ25 አገሮች የመጡ፣ ቋሚ መኖሪያ የሌላቸው፣ 16 ዓመት የሞላቸው ወንዶች ቀርበው አሻራ እንዲሰጡና እንዲጠየቁ አዘዘ። ከሰሜን ኮሪያ በስተቀር አገሮቹ ሙስሊሞች በብዛት የሚኖሩባቸው ነበሩ። ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም፤ ሶማሊያ፣ ሱዳንና ኤርትራ ግን ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ ሳሉ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች ተመዘገቡ፣ ከ13 ሺህ በላይ የሚሆኑት የማባረር ሂደት ተጀመረባቸው። በሽብር የተፈረደበት ግን አልተገኘም። ፕሮግራሙ በ2011 ታገደ፣ በ2016 መጨረሻ ደንቡ ተሰረዘ። በጃንዋሪ 2017 ደግሞ ሰባት አገሮች ላይ የጉዞ እገዳ መጣ፤ ሶማሊያና ሱዳን ከሰባቱ ነበሩ። ተሻሽሎ የወጣውን እገዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 በ5 ለ4 አጸናው፣ በ2021 ተነሳ፣ በ2025 በሌላ መልክ ተመለሰ። ድንበር የማያውቅ ዝምድና ላለው የምሥራቅ አፍሪካ ሰው "አገርህ ዝርዝሩ ውስጥ የለም" ማለት ብዙ አያጽናናውም። የልጁ ባል ሱዳናዊ፣ የእህቱ ልጅ ሶማሌ ናት።

ስለላውም ነበር። አሶሺየትድ ፕሬስ ከ2011 ጀምሮ እንዳጋለጠው፣ የኒውዮርክ ፖሊስ ልዩ ክፍል አቋቁሞ መስጂዶችን፣ የሙስሊም ምግብ ቤቶችንና የተማሪ ማኅበራትን ይከታተል ነበር። ዘገባው በ2012 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። የፖሊሱ የስለላ መምሪያ ኃላፊ በቃለ መሐላ ሲጠየቁ የክፍሉ ሥራ አንድም የሽብር ምርመራ እንዳላስጀመረ መሰከሩ፤ ክፍሉ በ2014 ተዘጋ። በደርግ ጊዜ ጆሮ ጠቢን ሲፈሩ ለኖሩ አባቶች ይህ ዜና ምን ማለት እንደሆነ ልጆቻቸው ሙሉ በሙሉ የምንረዳው አይመስለኝም። መስጂድ ውስጥ አዲስ ሰው ሲመጣ "ማነው?" ብሎ መሳቀቅ፣ ከዱዓ በኋላ ጨዋታን ማሳጠር፣ ዘካ ለማን ሰጠሁ ብሎ መጨነቅ፤ እነዚህ በሽታ አይደሉም። ከአንድ አገር ይዘውት የመጡት ጥንቃቄ በሌላው አገር ማስረጃ አግኝቶ ነው።

ዜግነት ሲጠይቁም የማይገባቸው መዘግየት ያጋጥማቸዋል። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በ2008 በሚስጥር የጀመረው አንድ አሠራር "የደህንነት ስጋት" የተባሉ ማመልከቻዎችን ለይቶ ያቆይ ነበር፤ የመብት ተሟጋቾች በ2013 ይፋ አድርገው ሙስሊሞች ላይ እንደሚከብድ ከሰሱ። በመሠረቱ ከኢንተርቪው በኋላ 120 ቀን ያለ ውሳኔ ያለፈበት አመልካች ጉዳዩን ለፌዴራል ፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። ለአዛውንቶችም ሕጉ እፎይታ አስቀምጧል። 50 ዓመት የሞላቸውና 20 ዓመት በግሪን ካርድ የኖሩ፣ ወይም 55 ዓመት የሞላቸውና 15 ዓመት የኖሩ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና አይወስዱም፤ የታሪክና የመንግሥት አሠራር ፈተናውን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ በአስተርጓሚ መመለስ ይችላሉ። 65 ዓመት ሞልቷቸው 20 ዓመት የኖሩት ደግሞ የሚያጠኑት የጥያቄ ዝርዝር አጭር ነው። "እንግሊዝኛ አልችልም" ብለው ዜግነትን የተዉ ስንት አባቶች አሉ! ዜግነት የሌለው ሰው ደግሞ ስለ ሌላው በደል ሁሉ አፉን ለመክፈት ይፈራል።

ወደ ሥራ እንምጣ። በዋሽንግተን አካባቢ ስልሳውን አልፈው በፓርኪንግ፣ በታክሲ፣ በኤርፖርትና በጽዳት የሚሠሩ ብዙ ናቸው። አጀንዳው ሁልጊዜ ሶላት ነው። የዙህርና የአስር ሶላቶች በሥራ ሰዓት ይገባሉ፤ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ሱፐርቫይዘሩ ግን "ሲጋራ አታጨስም፣ ታዲያ እረፍቱ ለምን?" ይላል። ለሶላት ውዱእ ለማድረግ፣ ማለትም ለመታጠብ፣ እግር ማጠቢያ ላይ ማንሳት ለአዛውንት ጉልበት ራሱ ፈተና ነው፤ በዚያ ላይ የሥራ ባልደረባ በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ! በ2015 መጨረሻ በኮሎራዶ ፎርት ሞርጋን ከተማ ካርጊል በተባለው ኩባንያ ሥጋ ፋብሪካ በሶላት ጉዳይ ክርክር ተነስቶ 150 ገደማ ሠራተኞች ተባረሩ፤ አብዛኞቹ ሶማሌዎች ነበሩ። ኩባንያው ጥፋት የለብኝም እያለ በ2018 1.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተስማማ።

ሕጉ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ በሃይማኖት ማዳላት አይችልም፤ የሠራተኛውን የሃይማኖት ግዴታም ሥራው ላይ ከባድ ጫና እስካልሆነ ድረስ ማስተናገድ አለበት። ለረጅም ጊዜ ፍርድ ቤቶች "ከባድ" የሚለውን በጣም አቅልለውት ስለነበር ቀጣሪዎች በትንሽ ሰበብ ያመልጡ ነበር። በጁን 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ይህን ለወጠው፤ አሁን ቀጣሪው ጫናው ለንግዱ በእርግጥ ከፍተኛ መሆኑን ማሳየት አለበት። ጉዳዩን ያመጣው እሑድ አልሠራም ያለ ክርስቲያን የፖስታ ሠራተኛ ነበር። የሰንበት ክርክሩ ለሶላትም በር ከፈተ፤ እኔን ደስ የሚያሰኘኝ እንዲህ ዓይነት ፍርድ ነው።

ሆስፒታል ሲደረስ ነገሩ ከክብር አልፎ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ስኳር ያለባቸው አባት ረመዳን እንደሚጾሙ ለሐኪማቸው ነገሩ እንበል። ሐኪሙ "ይሄ ኋላ ቀር ነገር ይገድልሃል" ካላቸው በሚቀጥለው ዓመት አይነግሩትም። ይጾማሉ፤ መድኃኒቱን ግን በራሳቸው ግምት ያዛቡታል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ለጿሚዎች የሚሆን መመሪያ አውጥቷል፤ ማን መጾም እንደሌለበት፣ የኢንሱሊን ሰዓት እንዴት እንደሚዛወር፣ ስኳር ስንት ሲወርድ ጾሙን ማቋረጥ ግድ እንደሆነ ይዘረዝራል። ሐኪሙ ቢያከብራቸው ኖሮ ይህን አብረው ያወሩት ነበር፤ ምናልባትም "የታመመ አይጾምም፣ ሃይማኖትዎም ይፈቅድልዎታል" ሲላቸው ይሰሙት ነበር። የንቀት ዋጋው እዚህ ላይ በደም ስኳር ይለካል። የእንክብሉ ሽፋን ጄላቲን ከአሳማ ስለመሆኑ ሲጠይቁ ነርሷ ዓይኗን ካዞረችባቸውም እንዲሁ ነው፤ ክኒኑ ኪስ ውስጥ ይቀራል።

እናቶች ሴት ሐኪም ሲጠይቁ "ባልሽ ነው ያዘዘሽ?" የሚባሉበት አጋጣሚ አለ። አስተርጓሚ የሌለ እንደሆነ ደግሞ ስለ ማህፀናቸው ለወንድ ልጃቸው እንዲናገሩ ይገደዳሉ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሕፃን ልጅን አስተርጓሚ ማድረግም የተከለከለ ነው። የአረጋውያን መንከባከቢያ የገባ ሰው የምግብ ዝርዝሩ በተቻለ መጠን ሃይማኖቱን ያገናዘበ እንዲሆን ደንቡ ይጠይቃል። ቅር የተሰኘ ቤተሰብ በየክፍለ ግዛቱ ላለው የአረጋውያን እንባ ጠባቂ አቤት ማለት ይችላል።

ቀብርም አለ። በካናዳ ኩቤክ ከተማ በጃንዋሪ 2017 ስድስት ሙስሊሞች መስጂድ ውስጥ ተገደሉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ገደማ፣ ከከተማዋ ወጣ ባለችው ሴንት አፖሊኔር የሙስሊም መካነ መቃብር እንዲፈቀድ የተጠየቀው ጥያቄ በነዋሪዎች ድምፅ 19 ለ16 ወደቀ። በሕይወት ያለውን ጎረቤት መፍራት አንድ ነገር ነው፤ ሬሳውን መፍራት ግን ለአዛውንት ከሁሉ የከፋ መልእክት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የትኛው አፈር እንደሚቀበላቸው የሚያስቡ ሰዎች ናቸውና።

አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። ይህ ሁሉ ከፈረንጅ ብቻ አይመጣም። በእኛ በኢትዮጵያውያን የማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ ሐላል ሥጋ ሳይዘጋጅ ሲቀር፣ ስብሰባው በጁምዓ ሰዓት ሲጠራ፣ "ኢትዮጵያ የክርስቲያን ደሴት ናት" የሚል ንግግር ሲጨበጨብለት፣ ጥግ ላይ የተቀመጡት ሐጂ ጨዋነታቸው ይዟቸው ዝም ይላሉ። የነቢዩ ባልደረቦች በ615 መከራ ሸሽተው አክሱም እንደገቡ፣ ንጉሡም ለአሳዳጆቻቸው አሳልፌ አልሰጥም እንዳለ በየመድረኩ እናወራለን። ዋሽንግተን ያሉ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞችም ማዕከላቸውን ፈርስት ሂጅራ፣ የመጀመሪያው ስደት፣ ያሉት በዚያ ታሪክ ነው። ያንን የሚጠቅስ አፍ ምሳውን ለሁሉም እንዲሆን ማዘጋጀት አያቅተውም ነበር።

ታዲያ አዛውንቶቹ ለምን ዝም ይላሉ? ፈሪ ስለሆኑ አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሙስሊሞች በአዲስ አበባ በአስር ሺዎች ሆነው ለእኩልነት ሰልፍ ሲወጡ፣ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ሲሰለፉ፣ ዛሬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባቶች ወጣቶች ነበሩ። ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። ጮኸው ያገኙ ትውልድ ናቸው። በሰው አገር ግን ነገሩ ይለያል። አንዱ ያስጠጋኝን አገር እንዴት ልክሰስ ይላል። ሌላው የልጁ ወረቀት ገና አላለቀም። ሌላው "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ብሎ አድጓል። ብዙዎቹ ደግሞ ሶብርን፣ ትዕግሥትን፣ ከዝምታ ጋር አንድ አድርገው ይዘውታል፤ እኔ ግን በደልን በተገቢው ቦታ ማመልከት ከሶብር ጋር የሚጣላ ሆኖ አይታየኝም።

የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ዝምታን አይጠብቅም፤ ቀን ይቆጥራል። በሥራ ቦታ መድልዎ የደረሰበት ሰው ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን የሚያመለክተው ድርጊቱ በተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ ክፍለ ግዛቱ የራሱ ተመሳሳይ መሥሪያ ቤት ካለው እስከ 300 ቀን ይዘልቃል። ቤት ሲከራይ ወይም ሲኖር በሃይማኖቱ ወይም በመጣበት አገር የተበደለ ሰው በ1968ቱ የቤቶች ሕግ መሠረት ለቤቶች ሚኒስቴር ለማመልከት አንድ ዓመት አለው። ቀኑ ካለፈ በደሉ እውነት ቢሆንም በእነዚህ መሥሪያ ቤቶች በኩል ያለው በር ይዘጋል። ከ15 በታች ሠራተኛ ባለው ድርጅት የሚሠራ ደግሞ የክፍለ ግዛቱን ወይም የከተማውን ሕግ ማየት አለበት፤ አንዳንዶቹ ከፌዴራሉ ሰፋ ያሉ ናቸው።

ስለዚህ የልጆች ሥራ ቀላል ነው፦ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል እንደተባለ፣ ማን እንዳየ፣ በዚያው ቀን መጻፍ። አባባ እንዲጽፉ መጠበቅ አያስፈልግም፤ እራት ላይ ሲናገሩ ልጅ ይጻፍ። "ምን ሆኑ?" ብሎ በደፈናው ከመጠየቅ "ዛሬ ሱቁ ውስጥ ማን አስተናገደዎ? ዶክተሩ ምን አለ?" ብሎ በዝርዝር መጠየቅ ይሻላል። ለኮሚሽኑ የሚቀርበውን አቤቱታ ሌላ ሰው ወይም ድርጅት በተበዳዩ ስም ሊያስገባው ይችላል። ማመልከቻው ገንዘብ አያስከፍልም። ማኔጀሩ አቤት በማለታቸው ብቻ ሰዓታቸውን ከቀነሰ፣ ፈረቃቸውን ከቀየረ ወይም ካባረራቸው፣ የመጀመሪያው ክስ ባይጸና እንኳ ይህ በራሱ ሌላ የሕግ ጥሰት ነው፤ እሱም ለብቻው ይመዘገባል።